ከአዲስ አበባ ነው ያልኩት ጃኬት

መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ፣ ከኅዳር ማለቂያ እስከ ጥር ድረስ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ የፍኖተ ሰላም ቤተሰቦችን ጫካ እወስድ ነበር። ሥራዬን የሰማ ሁሉ ይስቅብኛል። «ምን ልታሳያቸው ነው? ዛፍ?» ይሉኛል። «እንጨት ለቀማ በሚኒባስ ተጀመረ አሉ» ያለኝም አለ። ሌላ ሰው ቢሆን አብሮ ስቆ ያልፋል፤ እኔ ግን ነገር ቶሎ የሚከነክነኝ ሰው ነኝ። የከተማችን ልጅ ጉሬዛን የሚያውቀው ከመጽሐፍ ላይ ሥዕል መሆኑን፣ ጉሬዛው ግን እዚሁ አፍንጫችን ሥር እንደሚኖር፣ የሳቀብኝ ሰው ሰዓቱን ማየት እስኪጀምር ድረስ ቆሜ አስረዳለሁ።

ጫካው ወደ ቡሬ ሲሄዱ ማንኩሳን አለፍ ብሎ፣ ከአስፋልቱ ወርደው በእግር የሚገቡበት ነው። ቀበሌው ከከብትና ከመጥረቢያ ከልሎት የአገሩ ሰው «ጥብቁ» ይለዋል። ዋንዛና ብሳና፣ ወይራ፣ ጥቂት የቆዩ ዝግባዎችም አሉበት። በታኅሣሥ ጠዋት ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ጉሬዛዎቹም ብርዱን እንደኛው ስለማይወዱት ፀሐይ ስትወጣ ዛፍ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ጥቁርና ነጭ ጠጉራቸውን ዘርግተው ይሞቃሉ። ያየናቸው እንደሆነ የምናያቸው በዚያን ሰዓት ነው። ከረፈደ ቅጠል ውስጥ ገብተው ጭራቸው እንኳ አይታይም።

ስለዚህ ሕጎች ነበሩኝ። አሁን ሳስበው ከጫካው ይልቅ ሕጎቼን ነበር የምወደው። ደማቅ ልብስ አይለበስም፤ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ብቻ። ስልክ ይዘጋል። ከአስፋልቱ ከወረድን በኋላ ወሬ የለም፣ ሳቅ የለም፣ መንገድ ላይ ከሚገኝ ሰው ጋር ቆሞ ሰላምታ መለዋወጥም የለም። አንገት ደፍቶ፣ የፊተኛውን እግር እያዩ በሰልፍ መሄድ ነው። ሴቶቹ ለብርዱ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ይጠቀለላሉ፤ ያንን ፈቅጃለሁ። ከሰልፉ ፊት እኔ አለሁ፤ አንገቴ ላይ አጉሊ መነጽር፣ ትከሻዬ ላይ ጃኬቴ።

ስለ ጃኬቱ መናገር አለብኝ። ባለብዙ ኪስ ካኪ ጃኬት ነው። መናኸሪያው ፊት ለፊት ካለ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚሰፋ ወጣት ነበር፤ ከስልኬ ላይ ፎቶ አሳይቼው እሱ ነው የሰፋልኝ። አስጎብኚዎች በቴሌቪዥን የሚለብሱትን ቁጭ አድርጎ ሠራው። ሲያስረክበኝ ግን ኮሌታው ውስጥ፣ ለመስቀያ ብሎ፣ ቀይ የነጠላ ጥለት ሰፍቶበታል። «ይሄን ደግሞ ምን አመጣው?» ብዬ ተቆጣሁት። «ተወው ጋሼ፤ በውስጥ ነው፣ ማን ያየዋል?» አለኝ፤ ሳቅ ብሎ። ስሙን አልጠየቅሁትም። እጁ ጥሩ ነው ብዬም ለማንም አልተናገርኩም። በረንዳ ላይ የተሰፋ ልብስ የለበሰ አስጎብኚ መባሉ አልጣመኝም፤ ሰው ሲጠይቀኝ ከአዲስ አበባ ነው እላለሁ። ብዙ ጊዜ ከማለቴ የተነሳ ውሸት መሆኑ ራሱ ትዝ አይለኝም ነበር።

የዚያን ቅዳሜም ገና ሚኒባሱ ውስጥ ሳለን ተጠየቅሁ። ከመጡት ቤተሰቦች መካከል አንዲት የመድኃኒት ቤት ባለቤት ነበረች፤ ወሬ የምትወድ፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ክፍል የምትሆን ልጇን ይዛ ነው የመጣችው። ልጅቷ ኪሶቼን አንድ በአንድ እየነካካች፣ «ጋሼ፣ ይሄ ጃኬት የት ነው የተገዛው?» አለችኝ።

«ከአዲስ አበባ ነው የመጣው» አልኳት።

«ከአዲስ አበባ!» አለች፣ ለእናቷ ዞራ።

ከአስፋልቱ እንደወረድን እናትየዋ ጮክ ብላ ስለ እግሯ ጫማ ስታወራ ሰማኋት። ሰልፉን አቁሜ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ «እመቤቴ፣ ወሬ ከፈለጉ ከተማው እዚያው አለልዎት» አልኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ ጎትታ ዝም አለች። ሌሎቹም የባሰ ፀጥ አሉ። እኔ ደግሞ ሥራዬን በሚገባ እንደሠራሁ ነው የተሰማኝ።

ጉሬዛዎቹ ያን ሰሞን ወደ ጫካው ማዶ ተሻግረው ስለነበር መንገዴን ቀይሬያለሁ። ሐሙስ ዕለት ብቻዬን መጥቼ ከጉብታ ላይ ሆኜ በመነጽሬ አይቻቸዋለሁ። የትኛው ዛፍ ላይ እንደሚያድሩ አውቃለሁ። መንገዱ ግን በሰው ደጃፍ፣ በአንድ ጎጥ መሃል ነው የሚያልፈው፤ ወርጄ ሰው አላናገርኩም። እንዴት ሰነበታችሁ፣ ቅዳሜ ሰዎች ይዤ በደጃችሁ አልፋለሁ አላልኩም። አንዲት ቃል ብጠይቅ ኖሮ ይነግሩኝ ነበር።

ጎጡ ውስጥ ስንደርስ ፀሐይ ገና የዛፎቹን ጫፍ መንካቷ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ በባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ የተሸፈነ ዳስ አየሁ። ሠርግ እንዳይሆን ጾም ነው፤ ይሄን ለማሰብ እንኳ ጊዜ አላገኘሁም። ከዳሱ አንዲት ሴት ብቅ ብላ አየችን። ጥቁር የለበሰ ሰው፣ ነጠላውን አንገቱ ድረስ የተጠቀለለ፣ አቀርቅሮ፣ ሳይናገር፣ በሰልፍ ወደ ግቢያቸው ሲመጣ። ሁለት እጇን ወደ ላይ ወርውራ ጮኸች።

«ተነሣ እንጅ! ተነሣ እንጅ ወንድሜ! ሰዎችህ መጡልህ እኮ! የከተማ ሰዎችህ መጡልህ!»

መጀመሪያ ያሰብኩትን ልናገር። ጉሬዛዎቹ ሸሹ ብዬ ነው ያሰብኩት። ተናደድኩ እንኳ።

የኛ አገር ሴት ደግሞ ደጃፍ ላይ እየተለቀሰ ቆማ አታይም። ማን ሞተ ብላ የምትጠይቀውም አልቅሳ ስታበቃ ነው። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት የያዘችውን ዘንቢል መሬት ላይ ጥላ፣ «ወየው! ወየው!» እያለች በአጠገቤ አልፋ ሮጠች። ሌሎቹም ተከተሏት። ወንዶቹ ኮፍያቸውን አወለቁ። ኧረ ቆዩ፣ እኛ አይደለንም፣ ለማለት አፌን ስከፍት ሴቶቻችን ከነሱ ሴቶች ጋር ተቃቅፈው እየተላቀሱ ነበር። እኔ መነጽሬን ከአንገቴ አውልቄ ከኪሶቼ ትልቁ ውስጥ ወሸቅሁት።

አንድ ሽማግሌ በምርኩዝ ወጡ። የሟች አባት ናቸው። እጃችንን አንድ በአንድ እየጨበጡ፣ «መጣችሁ? እንደምትመጡ አውቅ ነበር። የፍኖተ ሰላም ሰው ልጄን አይረሳውም ብያለሁ እኮ!» ይላሉ። የመጨረሻውን የተናገሩት ወደኛ ሳይሆን ዳሱ ውስጥ ወደተቀመጡት ጎረቤቶቻቸው ዞረው ነው።

ለምን እንደዞሩ የገባኝ ከተቀመጥን በኋላ ነው። አጠገቤ የተቀመጠ ጎረቤት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ነገረኝ። ልጁ ከተማ ውስጥ ዓመታት ኖሯል። ታሞ እዚያው ሞተ። አስከሬኑ ጭነት በያዘ አይሱዙ ላይ ሆኖ በማለዳ መጣ፤ ከሾፌሩና ከአንድ የአጎቱ ልጅ በቀር የሸኘው አልነበረም። ከተቀበረም ሳምንት ሊሞላው ነው፤ ከከተማ አንድ ሰው ብቅ አላለም። «ሰው ደግሞ ዝም አይልም፤ ምን አጥፍቶ ቢጠሉት ነው ተባለ» አለኝ። «እሳቸውም ቀና ብለው ሰው ማየት ትተው ነበር። እግዜር ይስጣችሁ። ዛሬ ነው ቀና ያሉት።»

አየኋቸው። እውነትም ቀና ብለው ተቀምጠዋል። እዚህ የመጣነው ጉሬዛ ልናይ ነው ብሎ ለእኒህ ሰው የሚነግር ማን ነው? እግዚአብሔር አፌን ይዝጋልኝ ብዬ አቀረቀርኩ።

«እንዲያው ከናንተ ጎረቤቱ የትኛችሁ ናችሁ?» አሉ ሽማግሌው።

ፀጥ አልን። ጠዋት ያስተማርኳቸውን ፀጥታ በሚገባ ይዘውታል። በዚህ መሃል ያቺው ዝም ያሰኘኋት ሴት እንባዋን ጠርጋ፣ «እኔ ነኝ አባቴ» አለች። «በኔ ደጅ ነው የሚወጣ የሚገባው። ሰላምታው ራሱ ያጠግብ ነበር። ሰው አክባሪ ልጅ ነበር።»

ዳሱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ተነፈሰ። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መታ መታ አድርገው፣ «ሰማችሁ?» አሉ ጎረቤቶቻቸውን። «እጁስ! ልብስ ሲሰፋ አይታችሁታል? መናኸሪያው ፊት ለፊት፣ በረንዳው ላይ!»

ጃኬቱ ትከሻዬ ላይ ከበደኝ። የስፌት መኪናው ከበረንዳው ከጠፋ ሰንብቷል። አይቻለሁ። ቡሬ ገብቶ ይሆናል፣ ባሕር ዳር ሄዶ ይሆናል ብዬ አልፌያለሁ። ስሙንም የሰማሁት እዚያ ዳስ ውስጥ፣ ከሚያለቅሱት ሴቶች አፍ ነው።

የሟች እናት ንፍሮ ይዘው ወጡ። ቀጭን፣ ድምፃቸው በለቅሶ የተዘጋ ሴት ናቸው። ለያንዳንዳችን በእጃችን ላይ እየሰጡ ሲዞሩ፣ «እንዲያው ከእጁ ሥራ የያዘ የለም?» ይላሉ። «መኪናውም ጨርቁም እዚያው ቀረ፤ አንድ የሰፋው ነገር ቤቴ የለም። አንዲት ቁልፍ የተከለባት ብትሆን፣ አይቼ እመልሳለሁ። አልወስድም።»

ሰው ሁሉ የራሱን ልብስ አየ። እኔ መሬት አየሁ።

እኔ ጋ ሲደርሱ ንፍሮውን በእጄ ላይ አደረጉልኝና ቆሙ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ማጅራቴ ሰደዱ። ኮሌታዬ ተገልብጦ መስቀያው ወጥቶ ኖሯል፤ በጣታቸው ወደ ውስጥ መለሱት። ልብሱን ለማስተካከል ያህል ነው ብዬ አሰብኩ።

«ይሄስ ጌታዬ፣ የት የተሰፋ ነው?» አሉኝ፤ በቀስታ።

«ከአዲስ አበባ ነው የመጣው!» አለች ልጅቷ፣ ከእናቷ ጉያ ውስጥ ሆና። ከጠዋት ጀምሮ ዝም በይ ስትባል የዋለች ልጅ የምታውቀው ጥያቄ መጥቶላት ደስ ብሏት ነው የተናገረችው።

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ጊዜ ነበረኝ። የለም፣ እዚሁ ፍኖተ ሰላም ነው የተሰፋው፣ የሰፋውም ልጅዎ ነው ብዬ አውልቄ ብሰጣቸው፣ ያ ዳስ ምን ይሆን እንደነበር አስቡት። ከከተማ ከመጣነው ውስጥ ልጃቸውን በእውነት የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሌላው ሁሉ በደግነት ይዋሽ ነበር። ግን ልጅቷ እያየችኝ ነው፤ እናቷም እያየችኝ ነው፤ ጠዋት በሰው ፊት ያሳፈርኳት ሴት። በእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ ሕፃን ልጅ ፊት ውሸታም መባል ከምንም በላይ ከበደኝ።

«አዎ፣ ከአዲስ አበባ ነው» አልኩ።

«እንዲያ ነው?» አሉ። «ያምራል።» ወደሚቀጥለው ሰው አለፉ።

ንፍሮውን ሳልቀምስ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያ ወጥተን ጫካው ዳር ድረስ ሄድን፤ መንገዱ ስለሆነ ብቻ። ጉሬዛ የለም። የጠየቀም የለም፣ ከልጅቷ በቀር። እናቷ፣ «ዛሬ ሰው አይተናል፣ ይበቃል» አለቻት። ሚኒባሱ ውስጥ ስንመለስ ያቺ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ማጅራቷን ይዛ ተቀምጣ፣ «በቁሜ ዋሸሁ እኮ። ደግሞ በሞተ ሰው» አለች። «ምን ላድርግ? ፊታቸውን አላያችሁም? እግዜር ይቅር ይበለኝ።» ከዚያ ወደኔ ዞረች። «አንተ ግን መናኸሪያ አካባቢ አትጠፋም። ልብስ ሰፊውን ታውቀው ነበር?»

«አላውቀውም» አልኳት።

አሁን ወደ ኋላ ሳየው ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ይሄኛው ነው። ዳሱ ውስጥ ደንግጫለሁ ማለት እችላለሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ግን ምን አስደነገጠኝ?

ለአርባው ብቻዬን ሄድኩ። ጃኬቱን አጥፌ በፌስታል ይዣለሁ። ላስረክባቸው ነው፤ እንዲሰድቡኝም ፈልጌያለሁ። ሽማግሌው ከሩቅ አይተውኝ፣ «ይኸው የልጄ ወዳጅ! ይኸው አልቀረም!» ብለው ከካህናቱ ቀጥሎ ሊያስቀምጡኝ ተነሡ። በግድ ለምኜ ከወንበሩ ሸሸሁና እናትየዋን ጓሮ በኩል ፈልጌ አገኘኋቸው። እንጨት እየሰበሰቡ ነበር። ጃኬቱን ከፌስታሉ አውጥቼ ዘረጋሁላቸው።

«እናቴ፣ ያን ዕለት ዋሽቻለሁ። ይሄን የሰፋልኝ ልጅዎ ነው።»

እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ተቀበሉኝ። ኪሱን አላዩም፣ ስፌቱን አላዩም። በቀጥታ ኮሌታውን ገለበጡና ቀዩን ጥለት በአውራ ጣታቸው ያዙት።

«አውቃለሁ» አሉ። ያኔ እንደ እንግዳ ያከበሩኝ ሴት አሁን ልጄ አሉኝ። «ጥለቱ የኔ ነጠላ ነው ልጄ። ነጠላዬ ሲያልቅ ቀዶ ወሰደው። ያማረልኝ ሥራ ላይ ነው የማስገባው ይለኝ ነበር።»

«ታዲያ ያን ዕለት ለምን ዝም አሉኝ?»

«ምን ልበልህ? ከአዲስ አበባ ነው ስትል መጀመሪያ ሆዴ ባባ። ማታ ተኝቼ ሳስበው ግን እሰይ አልሁ። የልጄ እጅ አዲስ አበባ የተሰፋ ነው ካሰኘ፣ በከንቱ አልደከመማ። በዚያው እንቅልፍ ወሰደኝ። ከሞተ ወዲህ የዚያን ዕለት ነው የተኛሁት።»

ቢሰድቡኝ፣ ቢያባርሩኝ ይሻለኝ ነበር። እጅ መንሳት ከጀመርኩ በኋላ ቀና ማለት አቃተኝ። ጃኬቱን ይያዙት ብዬ ለመንኳቸው።

«ኧረ ምን ላደርገው? ሣጥን ውስጥ ላስበላው?» አሉ። «እሱ ለብርድ ብሎ ነው የሰፋው። ልበሰው።» እንደ ልጅ አዙረው ራሳቸው አለበሱኝ። ኮሌታውን አስተካክለው መስቀያውን ወደ ውስጥ መለሱት። «ሰው ከየት ነው ሲልህ ብቻ፣ ንገርልኝ። ስሙን ጥራልኝ።»

«እሽ እናቴ» አልኳቸው። ማልኩላቸው እንኳ።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ከፋ፣ የቅዳሜው ጉዞም ቀረ። ጃኬቱን ብርድ በመጣ ቁጥር እለብሰዋለሁ። ድሮ ያየኝ ሁሉ ከየት ነው ይለኝ ነበር፣ አሁን የሚጠይቀኝ ጠፋ፤ ሰው ሌላ የሚያስበው አለው። በመድኃኒት ቤቷ ደጅ ሳልፍ ገብቼ ለሴትዮዋ እውነቱን ልንገራት እላለሁ። በሰልፍ መሃል ያዋረድኳትን ይቅርታም እጠይቃታለሁ እላለሁ። ሁልጊዜ ደንበኛ አለባት።

ባለፈው ታኅሣሥ ልጅቷን መናኸሪያው ጋ አገኘኋት። አድጋለች፤ ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ከጓደኞቿ ጋር ነበረች። ልብስ ሰፊው ይቀመጥበት በነበረው በረንዳ ፊት ነው የቆምነው።

«ጋሼ!» አለችኝ ሳቅ ብላ፣ እጅጌዬን ይዛ። «ይሄ የአዲስ አበባው ጃኬት እስካሁን አለ?»

«አለ» አልኳት፤ መቸኮሌንም ነግሬያት ሄድኩ።